አሮጌ የአደን ጠመንጃን ስለ ማደስ

ሰው በእጁ የሠራው ዕቃ ሁሉ ባሕርይም መልክም አለው። ባሕርዩ የተሠራበት ነገር ነው፤ ይኸውም ብረቱ፣ እንጨቱ፣ ቀንዱ ወይም ቆዳው ነው። መልኩም ሠሪው ሥራውን በፈጸመ ጊዜ ከላይ ያለበሰው ቀለምና ልስላሴ ነው። ዕቃው አዲስ ሳለ ሁለቱ ተስማምተው ይኖራሉ፤ አዋቂ ሠሪ መልኩን የሚመርጠው ባሕርዩን መርምሮ ነውና። ዕቃው ካረጀ በኋላ ግን ላድሰው ብሎ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ መልኩን ብቻ አይቶ ባሕርዩን ይዘነጋል። ከዚህም የተነሣ ዕድሜ ያላጠፋውን የሰው እጅ ያጠፋዋል።

ይህ ነገር በብዙ ዐይነት ዕቃ ላይ የሚደርስ ቢሆንም በአሮጌ የአደን ጠመንጃ ላይ ይልቁን ተገልጦ ይታያል። በሌላ ዕቃ ላይ የተሠራ የእድሳት ስሕተት የሚጎዳው ዐይንን ወይም ዋጋን ነው፤ በጠመንጃ ላይ የተሠራ ስሕተት ግን ከዚህ አልፎ የተኳሹን ፊትና እጅ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በአሜሪካ የአሮጌ ጠመንጃ እድሳት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ይኖራል። የዚህ ሙያ መጀመሪያው ሞረድ ማንሣት አይደለም፤ መጠየቅ ነው። «ይህ ክፍል ከምን ተሠራ? ሠሪውስ ምን አለበሰው?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው ጠመንጃውን ባይነካው ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ለነገሩ ምሳሌ እንዲሆን ዊንቸስተር የሚባለውን የአሜሪካ ጠመንጃ መመልከት ይበቃል። ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ የተባለው ስመ ጥር የጠመንጃ ፈልሳፊ ያወጣው የ1894 ሞዴል፣ ከምላጩ በታች ባለው ማንሻ እየተመላለሰ ጥይት የሚጎርስ የአደን ጠመንጃ ነው። በኮኔቲከት ክፍል በኒው ሄቨን ከተማ የነበረው ፋብሪካ በ2006 እስኪዘጋ ድረስ ከዚህ ዐይነት ከ7 ሚሊዮን የበለጠ ተሠርቷል። አንድ ሚሊዮነኛው በ1927 ለፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ተበርክቷል። በዚህ 112 ዓመት ውስጥ የጠመንጃው ስምና ቅርጽ እምብዛም ሳይለወጥ ብረቱና ቀለሙ ግን ደጋግሞ ተለውጧል። ስለዚህ ስሙን ብቻ ሰምቶ ለማደስ የሚነሣ ሰው ስንቱን ዐይነት ጠመንጃ በአንድ ስም እንደሚጠራ አያውቅም።

መጀመሪያ የወጣው ጠመንጃ በጥቁር ባሩድ ለሚተኮስ ጥይት የተበጀ ነበር። በ1895 ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኮሰው ባለ 30 ካሊበር ጥይት በመጣ ጊዜ ግን የአዲሱ ባሩድ ግፊት ከቀድሞው ስለ በለጠ፣ ለአፈሙዝ፣ ማለት ጥይቱ ለሚያልፍበት ለረጅሙ ቱቦ፣ የቀድሞው ለስላሳ ብረት አልበቃም። ፋብሪካውም ኒኬል የተቀላቀለበት ዐረብ ብረት አምጥቶ በአፈሙዙ ላይ የኒኬል ብረት መሆኑንና ጭስ ለሌለው ባሩድ የተበጀ መሆኑን ቀረጸበት። እንግዲህ ይህ ጽሕፈት ጌጥ አይደለም፤ የብረቱን ባሕርይ የሚመሰክር ቃል ነው። ኒኬል ያለበት ብረት ለዝገት ቶሎ አይሸነፍም፤ ከዚህም የተነሣ በዝገት የሚሠራውን የጠመንጃ ቀለም ለመቀበል ከተራ ብረት ይልቅ ያስቸግራል፤ ትዕግሥትም ይጠይቃል። ያልታገሠ አዳሽ በመንኰራኵር ጠርጎ ጽሕፈቱን ሲያደበዝዘው፣ ጠመንጃው የቀለሙን ውበት ብቻ ሳይሆን ምስክሩንም ያጣል።

የጠመንጃን ቀለም ያልለመደ ሰው ጥቁሩ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። አዋቂው ግን ቢያንስ አምስት ዐይነት ለይቶ ያያል።

አንደኛው በዝገት የሚሠራው ነው። ብረቱ ከቅባት ሁሉ ከጠራ በኋላ ስስ የአሲድ ውሃ ይቀባና እርጥበት ባለበት ዝግ ስፍራ ይቀመጣል። ቀይ ዝገት በላዩ በበቀለ ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይቀቀላል፤ ያን ጊዜ ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል። በለስላሳ የሽቦ ብሩሽ ከተጠረገ በኋላ ሥራው እንደ ገና ከመጀመሪያው ይደገማል። እንዲህ እየተመላለሰ ቀናት ከፈጀ በኋላ ብረቱ የማያንጸባርቅ፣ ጥልቅና ለብዙ ዘመን የሚኖር ጥቍረት ያገኛል። ዝገቱ ሳይቀቀል የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ቡናማ መልክ ይሰጣል፤ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በፊት የተሠሩ ብዙ አፈሙዞች መልካቸው ይኸው ነበር። ብረትን የሚበላው ዝገት በሰው ጥበብ ተገርቶ ብረትን የሚጠብቅ ልብስ መሆኑ እጅግ የሚደነቅ ነው።

ሁለተኛው በከሰል ሙቀት የሚሠራው ነው። በሚገባ የተወለወለው ብረት ከተቃጠለ ዐጥንት፣ ከከሰልና ከዘይት ጋር በምድጃ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ይሞቃል፤ ሲወጣም ጥርት ያለ ሰማያዊ ጥቍረት ይዞ ይወጣል። ሦስተኛው ለትንንሽ ክፍሎች፣ ለብሎኖችና ለሞላዎች የሚሆነው ነው፤ የተወለወለ ብረት 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሞቅ በራሱ ደማቅ ሰማያዊ መልክ ያወጣልና ሠሪው በዚያች ሰዓት ከእሳቱ ያወጣዋል። ይህ መልክ እጅግ ያማረ ቢሆንም ስስ ስለ ሆነ በእጅ መነካካት ቶሎ ይጠፋል።

አራተኛው ከቀለም ይልቅ የብረቱን ባሕርይ የሚለውጥ ነው። ለስላሳ ብረት በዐጥንት ከሰልና በእንጨት ከሰል ተከቦ በዝግ ዕቃ ውስጥ እስኪግል ድረስ ለሰዓታት ይቆያል፤ ካርቦን የተባለው የከሰሉ ኀይል ወደ ብረቱ ቆዳ ይሰርጋል። ከዚያም ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከር ቆዳው እንደ መስተዋት ይጠነክራል፤ ውስጡ ግን ለስላሳና የማይሰበር ሆኖ ይቀራል። በላዩም ሰማያዊ፣ ቡናማና ግራጫ የተቀላቀለበት እንደ ደመና የተዥጐረጐረ መልክ ይታያል። እንግሊዞች ይህን መልክ በምርጥ ጠመንጃዎቻቸው መካከለኛ ብረት ላይ ይወዱታል። መልኩ በፀሐይ ብርሃንና በእጅ ላብ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ጥንካሬው ግን ይኖራል።

አምስተኛው የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ኃይለኛ የሶዳ ጨው በውሃ ተሟሙቶ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እየፈላ ብረቱ በውስጡ ይነከራል፤ ሰዓትም ሳይሞላው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ይህ አሠራር ርካሽና ፈጣን ስለ ሆነ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ተቀበሉት፤ ዊንቸስተርም የቀድሞውን ትቶ ወደዚህ ተመለሰ። እንግዲህ በ1900 ተሠራ የሚባል ጠመንጃ በዚህ በሚያብረቀርቅ ጥቍረት ተሸፍኖ ሲታይ፣ አንድ ሰው ኋላ እንዳደሰው አዋቂ ሳይነገረው ያውቃል።

በቀደሙት የዊንቸስተር ጠመንጃዎች ላይ እነዚህ መልኮች በአንድነት ይገኙ ነበር። አፈሙዙ የዝገት ቀለም፣ የመዝጊያው ቤት፣ ማለት መዝጊያው የሚመላለስበት የመካከሉ ብረት፣ የከሰል ቀለም፣ ጥይት የሚገባባት ትንሿ ክዳን የእሳት ሰማያዊ ነበራቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ማንሻው፣ ቃታውና የሰደፉ ጫማ የተዥጐረጐረ መልክ ነበራቸው። ሠሪው ይህን ያደረገው ለጌጥ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል እንደ ሥራው ብረቱ ልዩ ስለ ሆነ ልብሱም ልዩ ሆነለት። ጠመንጃውን ፈትቶ ሁሉን በአንድ ጋን የሚነክር አዳሽ ግን ሁሉን አንድ ያደርገዋል፤ በአንድ ሰዓት ሥራም የብዙ ሙያተኞችን እጅ ይደመስሳል።

መልክና ባሕርይ ሲጣሉ ጕዳቱ ምን ያህል እንደሚሆን የሚያስረዳው ዋነኛ ምሳሌ ሁለት አፈሙዝ ያለው የእንግሊዝ የአደን ጠመንጃ ነው። ይህ ጠመንጃ ዝሆንንና ጎሽን የመሰለ ከባድ አውሬ ለማደን የተሠራ ነው፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን በመጣ ጊዜ የሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ቤት የሠራው እንዲህ ያለ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ሁለቱ አፈሙዞች ጎን ለጎን ሆነው በመካከላቸው ባለው ረጅም የብረት ዘንግ አማካይነት በቆርቆሮና በእርሳስ ይበየዳሉ። ከዘንጉ በታች ዐይን የማያየው ባዶ ስፍራ አለ። ይህን ጠመንጃ በሚፈላ የሶዳ ጨው የነከረው እንደ ሆነ ጨው በስንጥቁ ገብቶ የመበየጃውን ቆርቆሮ ይበላዋል፤ ያልበላውም በስውር ተቀምጦ ዓመት ሙሉ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ጠመንጃው ከሥራ ቤቱ ሲወጣ አዲስ ይመስላል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ዘንጉ ይላቀቃል፤ በአንድ ዒላማ ላይ እንዲገናኙ በብዙ ድካም የተስተካከሉት ሁለቱ አፈሙዞችም ይለያያሉ። ስለዚህ እንዲህ ላለው ጠመንጃ የዝገት ቀለም ብቻ ይገባዋል፤ የውሃ መፍላት ሙቀት መበየጃውን አያቀልጠውምና። የቀድሞ ሠሪዎች በዝገት መሥራታቸው ሌላ ስላጡ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ለዕቃው የተስማማው እርሱ ስለ ሆነም ነው።

ሌላው ምሳሌ ያው ዊንቸስተር ነው። በ1964 ፋብሪካው ወጪ ለመቀነስ ብሎ የብዙ ክፍሎችን አሠራር ለወጠ። ድፍን የነበሩት የብረት ካስማዎች ከተጠቀለለ ቆርቆሮ በተሠሩ ባዶ ካስማዎች ተተኩ፤ ጥይቱን ወደ ላይ የሚያነሣው ክፍልም ከቀጭን ብረት ተቀጥቅጦ ይወጣ ጀመር። የመዝጊያው ቤት የሚሠራበት ብረት ቅልቅል ደግሞ ተለውጦ ለተለመደው ቀለም እምቢ ስላለ፣ ፋብሪካው በላዩ ስስ የብረት ልባስ አልብሶ ልባሱን ያጠቍር ነበር። ይህን የማያውቅ አዳሽ ልባሱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ብረቱን በጋን ሲነክረው ጥቁር ይሆናል ብሎ የጠበቀው ወይን ጠጅ የመሰለ ቀይ ሆኖ ይወጣበታል። ከ1964 በፊትና በኋላ የተሠሩትን ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ድረስ ለይተው መጥራታቸው በከንቱ አይደለም። ከ1964 በፊት ለተሠራ ጠመንጃ የኋለኛውን ባዶ ካስማ የሚያስገባ ሰውም ጠመንጃው ቢተኩስለት እንኳ ዕቃውን ሳያውቅ ሌላ አድርጎታል።

እስከዚህ የተነገረው ስለ መልክና ስለ ዋጋ ነው። የሚቀጥለው ግን ስለ ሕይወት ነው።

በአሜሪካ የስፕሪንግፊልድ የመንግሥት ፋብሪካ ከ1903 ጀምሮ የተሠራው የጦር ጠመንጃ በኋላ ዘመን በብዛት ወደ አዳኞች እጅ ገብቶ፣ ሰደፉ ተለውጦለት የአደን ጠመንጃ ሆኗል። በቀደሙት ዓመታት የመዝጊያው ቤት ሲቀጠቀጥ የብረቱን ሙቀት የሚለኩት ሠራተኞች በዐይናቸው ነበር። ብርሃን በበዛበት ቀን የጋለው ብረት ከሙቀቱ ያነሰ መስሎ ስለሚታይ አንዳንዱ ብረት ከሚገባው በላይ ጋለ፤ የተቃጠለ ብረትም ተሰባሪ ይሆናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንዳንዶቹ በተኳሹ እጅ በመፈንዳታቸው ነገሩ ተመረመረና በ1918 የሙቀት አሰጣጡ ተለወጠ። ከዚህም የተነሣ በስፕሪንግፊልድ ከተሠሩት ቍጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑት፣ በሮክ አይላንድ ከተሠሩትም ከ285,507 በታች የሆኑት እንዳይተኮስባቸው አዋቂዎች ይመክራሉ። የአሜሪካ የጦር መኰንን የነበረው ጁልያን ሐቸር በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጕዳይ በሰፊው አስረድቶታል። እንግዲህ በዚህ ጠመንጃ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቍጥር ነው። ቀለም ለማሳመር ብሎ ቍጥሩን የሚፍቅ ሰው ማስጠንቀቂያውን ፍቆ አደጋውን ብቻ ለሚመጣው ባለቤት ያወርሰዋል።

ቆዳው ብቻ በከሰል የጠነከረ ብረትም እንዲሁ ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጀርመን አገር በኦበርንዶርፍ የተሠሩት የማውዘር የአደን ጠመንጃዎች የመዝጊያ ቤታቸው ውስጡ ለስላሳ፣ ቆዳው ጠንካራ ነው። ለማለስለስ ብሎ መዝጊያው የሚደገፍበትን ስፍራ አብዝቶ የሚሞርድ ሰው ጠንካራውን ቆዳ አልፎ ለስላሳውን ሥጋ ያገኛል። ከዚያ በኋላ በየተኩሱ ብረቱ እየተደፈጠጠ መዝጊያው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ቀለሁም ድጋፍ አጥቶ ይቀደዳል። የተዥጐረጐረውን መልክ ለመመለስ ብሎ የመዝጊያውን ቤት በእሳት ነበልባል የሚያግል ሰው ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ መልኩን አመጣሁ ሲል ጥንካሬውን አጥፍቷልና። የጠፋው ጥንካሬ ከላይ አይታይም። የሚታወቀው ጠመንጃው በተተኮሰ ጊዜ ነው።

ስለ እንጨቱም የሚነገረው ብዙ ነው። ለእንግሊዝና ለአውሮፓ ምርጥ ጠመንጃዎች ሰደፍ የሚሆነው የአውሮፓው የዋልነት ዛፍ ነው፤ ለአሜሪካዎቹ ደግሞ ጥቁር የሚባለው የአሜሪካ ዋልነት ነው። የሁለቱ መልክም ክብደትም ልዩ ነው። የቀድሞ ሠሪዎች እንጨቱን የሚቀቡት የተልባ ዘይት ነበር፤ አንዳንዶቹም ቀይ ሥር ነክረውበት መልኩን ያሞቁት ነበር። ዘይቱ በእጅ እየታሸ፣ እያንዳንዱ ቅብ እስኪደርቅ እየተጠበቀ፣ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። በዚህ ዐይነት የተቀባ እንጨት እንደ መስተዋት አያብረቀርቅም፤ ከውስጥ የሚወጣ የሚመስል ጸጥ ያለ ብርሃን አለው እንጂ። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው ቬርኒሽ በአንድ ቀን ይደርቃል፤ ነገር ግን ከእንጨቱ ሳይዋሐድ ከላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ ሲጫርም እንደ ቅርፊት ይላጣል።

ከቅቡ ይልቅ የሚከፋው መፋቁ ነው። አሮጌ ሰደፍ በእድፍና በጠመንጃ ዘይት ጠቍሮ ሲገኝ ችኩል ሰው ወዲያው የብርጭቆ ወረቀት ያነሣል። አዋቂው ግን የጠጣውን ዘይት በኖራ ድንጋይ ዱቄት እያስመጠጠ ያወጣዋል፤ የተሰረጐደውንም ስፍራ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ በጋለ ካውያ በእንፋሎት ያነሣዋል። እንጨት ውሃና ሙቀት ሲያገኝ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይነሣልና። በወረቀት የተፋቀ እንጨት ግን አይመለስም። መጀመሪያ ሲሠራ ከብረቱ ጋር ተካክሎ ወይም በጥቂቱ ከፍ ብሎ የነበረው እንጨት ዝቅ ይላል፤ ብረቱም ከጠርዙ ወጥቶ ይታያል። ለእጅ መያዣ የተቀረጸው ጥልፍ ይደበዝዛል፤ የሠሪውም ማኅተም ይጠፋል። ይህን ያየ ሰብሳቢ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

በሰደፉ ጫማና በአፈሙዙ ሥር ባለው እንጨት ጫፍ ላይ የሚገባው የጎሽ ቀንድ ደግሞ ሕያው ነገር የነበረ ስለ ሆነ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝም ይበላዋል። የጠፋውን በቀንድ መተካት ይገባል እንጂ በጥቁር ፕላስቲክ መተካት አይገባም። ከጠንካራ ጎማ የተሠራውም ጫማ ጥቁር የነበረው በብርሃን ብዛት ቡናማ ይሆናል፤ ይህ የዕድሜ መልክ እንጂ ጕድለት አይደለምና ጥቁር ቀለም መቀባት የዕድሜውን ምስክር መካድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ሥርዐት ይወጣል። መጀመሪያ፣ መጠበቅ ከማደስ ይበልጣል። ዝገቱ ቆሞ፣ ብረቱ ጸድቶ፣ በዘይት ተቀብቶ የሚኖር ጠመንጃ የቀድሞ ቀለሙ ግማሹ እንኳ ቢኖረው ሁሉ ተፍቆ እንደ ገና ከተቀባው ይልቅ ይከብራል። ሁለተኛ፣ የጠፋ ክፍል ቢተካ ከዚያው ዐይነት ነገር፣ በዚያው አሠራር፣ የዚያኑ መልክ ለብሶ ይተካ። ሞላው ከሞላ ብረት፣ ካስማው ከድፍን ብረት፣ ብሎኑም እንደ ቀድሞው በጠባብ ስንጥቅ ይሠራ። በምርጥ የእንግሊዝ ጠመንጃ ላይ የብሎኖቹ ስንጥቅ ሁሉ ወደ አፈሙዙ አቅጣጫ ተስተካክሎ ይቆማል፤ ይህን ሳያስተውል በማይስማማ መፍቻ የሚያዞር ሰው ገና ከመጀመሪያው ሰዓት ጠመንጃውን አቍስሎታል። ሦስተኛ፣ የተደረገው ሁሉ ይጻፍ። አዲሱ ክፍል በማይታይ ስፍራ የተሠራበትን ዓመት ይያዝ፤ የወጣውም አሮጌ ክፍል አይጣል፤ ከጠመንጃው ጋር ይቀመጥ። እድሳቱን የሚሰውር ሰው የሚያድሰው ለማታለል ነው፤ የሚገልጠው ግን ለማቆየት ነው።

ይህ ሁሉ በሩቅ አገር ፋብሪካ ስለ ተሠራ ዕቃ የተነገረ ቢሆንም ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከአውሮፓ የገቡት ጠመንጃዎች በአማርኛ ቋንቋ ውስጥ ስማቸውን ትተዋል፤ ውጅግራ ግራስ ከተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ስናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ለበን ከፈረንሳዩ ለበል፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር የመጡ ስሞች ናቸው። በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራዕ ከግብፅ ጦር የተማረከው ሬሚንግተን፣ በ1896 በዐድዋ ከኢጣልያ ጦር የተማረከው ቬተርሊ ሁሉ በአገር ውስጥ ኖሯል። ባለቤቱም ለዘመቻ የያዘውን ጠመንጃ ለአደን ይዞት ይወጣ ነበር። አንገቱ የተሰነጠቀው ሰደፍ በእርጥብ ቆዳ ተጠፍሮ ቆዳው ሲደርቅ እንደ ብረት ጥብቅ አድርጎ ይይዘው ነበር።

ከ2010ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ሰብሳቢዎች እጅ ገብተዋል። የጥበቡ አዋቂዎች የቆዳውን ጥፍር፣ በእንጨቱ ላይ የተቀረጸውን የአማርኛ ፊደል፣ በብረቱ ላይ የታተመውን የአንበሳ ማኅተም እንደ ጌጥ ጠብቀው ያኖሩታል። ሌሎቹ ደግሞ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይምሰል ብለው ቆዳውን ቈርጠው ይጥላሉ፤ ፊደሉንም ይፍቃሉ። እዚህ ላይ የጠመንጃው ሁለተኛ ሕይወት ከመጀመሪያው የማያንስ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ፋብሪካው የሰጠው መልክ እውነተኛ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በአገልግሎት ዘመኑ ባለ እጁ በቆዳ የጠፈረውም እውነተኛ ነው። ሐሰተኛው ከሁለቱም በኋላ ሁለቱንም ሸፍኖ የሚመጣው ነው።

የብራና መጽሐፍ የሚያውቁ ሰዎች ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። ያረጀ ወንጌል ሲጠረዝ ጠራዡ ዳርዳሩ ቀና ይሁን ብሎ ኅዳጉን ቢቈርጠው፣ በኅዳጉ ላይ የተጻፈው የርስትና የጉልት ማስታወሻ አብሮ ይቈረጣል። መጽሐፉ አምሮ ይታያል፤ የአገሩ ታሪክ ግን ከወለሉ ላይ ከቍራጩ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። የአሮጌ ሥዕል ቀለም ደበዘዘ ብሎ በዘይት ቀለም ደርቦ የሚቀባም ሰው እንዲሁ ነው። ብራና ዋጋው በቆዳነቱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ጠመንጃም ዋጋው በብረትነቱ ብቻ አይደለም።

በመንግሥት ግምጃ ቤት፣ በቤተ መዘክር ወይም በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አሮጌ ዕቃ የተሰጠው ኃላፊ ሁሉ እንግዲህ አንድ ልማድ ቢይዝ ይጠቅማል። ዕቃውን ላድስ የሚል ባለ እጅ በመጣ ጊዜ ስለ ዋጋውና ስለ ቀኑ ከመነጋገር በፊት፣ ይህ ዕቃ ከምን እንደ ተሠራና ቀድሞ ምን ለብሶ እንደ ነበረ ይጠይቀው። የሚመልስለትን ያገኘ እንደ ሆነ ዕቃውን አደራ ይስጠው፤ በጽሑፍም ይቀበለው። ባለ እጁ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣ እንደ ሆነ ግን፣ ጠመንጃው በዘይት ተቀብቶ ከነጭረቱና ከነድብዛዜው በስፍራው ይቈይ፤ የሚያውቀው ሰው ሲመጣ ያገኘዋልና።